ወገብ ይዞ እግር የሚወርድ ህመም፦ መቼ ይታገሡታል፣ መቼ ሐኪም ቤት ይሄዱበታል?

ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ተነሥቶ፣ በታፋ ጀርባ አድርጎ፣ ባትን አልፎ እስከ እግር ጣት የሚነዝር ህመም በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ስም አለው። አንዱ «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል፤ አንዱ «ነርቭ ነው»፤ ሌላው «ዲስኬ ተንሸራቷል»። ሐኪሞች ሳያቲካ ይሉታል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የታመመው ሰውና ቤተሰቡ የሚከራከሩት በአንድ ነገር ነው፦ እንታገሠው ወይስ ሐኪም ቤት እንሂድ?

ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው በህመሙ ብርታት ነው። ይህ መለኪያ ያሳስታል። እንቅልፍ የሚነሣ፣ እንባ የሚያመጣ ህመም በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ከቁም ነገር ያልተቆጠረ ድንዛዜ ግን ዕድሜ ልክ የሚቀር ጉዳት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ እግሩ ትናንት ይሠራ የነበረውን ምን መሥራት አቃተው? የቱ ቦታ መሰማት አቆመ? ሽንትስ እንደ ወትሮው ይወርዳል?

ሳያቲካ የቱ ነው?

ሳያቲክ ነርቭ ከታችኛው አከርካሪ ከሚወጡ 5 የነርቭ ሥሮች የተገመደ ነው። በመቀመጫ ሥር አልፎ በታፋ ጀርባ ይወርድና እግር ይደርሳል። ከሰውነት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ግን ሕመሙ በሚሰማበት በታፋ ወይም በባት ላይ አይደለም፤ ከላይ ወገብ ላይ ነው። በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ አብጦ ወይም ተቀድዶ የነርቩን ሥር ሲጫነውና ሲያስቆጣው ነው ህመሙ የሚነሣው። ወገቡን ብዙም ሳያመው ባቱ የሚቃጠል ሰው የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባትን በቅባት ማሸት ጉዳዩን የማይነካውም እንደዚሁ።

ሳያቲካ በአብዛኛው አንድ እግር ይይዛል፤ ከጉልበት በታች ይወርዳል። ሲያስነጥሱ፣ ሲስሉ፣ ሽንት ቤት ሲያምጡ፣ ልብስ ለማጠብ ሲያጎነብሱ ይብሳል። እቤት ለመፈተሽ በጀርባ ይተኙና ሌላ ሰው ተረከዝዎን ይዞ፣ ጉልበትዎ ሳይታጠፍ፣ እግርዎን ቀስ አድርጎ ያንሣው። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ ከጉልበት በታች የሚነዝር ህመም ከመጣ የነርቭ ሥር መነካቱን ይጠቁማል። የታፋ ጀርባ ብቻ ከተወጠረ አይቆጠርም፤ እሱ የጡንቻ መሳብ ነው።

የሚመሳሰሉ ሕመሞችም አሉ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች መንገዱ ራሱ አንድ ነገር ይነግራል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ቁልቁለት ሲወርዱ ሁለት እግራቸው ከብዶ ደንዝዞ፣ ዳገት ሲወጡ ግን ጎንበስ ስለሚሉ ከቀለላቸው፣ የነርቭ መሄጃው ቱቦ ጠቦ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ዳገት ሲወጡ ባት ጨምድዶ የሚይዝና ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ይጠረጠራል፤ በተለይ በሚያጨስ ወይም ስኳር ባለበት ሰው። ሁለቱም የውስጥ እግሮች ሌሊት ሌሊት የሚቃጠሉ ከሆነ ስኳር መለካት ይቀድማል። በአንድ በኩል በመስመር ያቃጠለ ህመም ከቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ አይዘግዩ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት ካመመ ደግሞ ደም ረግቶበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ፤ ባቱንም አይሹት።

ሌሊትም ቢሆን የማይታደርባቸው

ህብለ ሰረሰር እስከ ታች አይደርስም፤ ከወገብ በላይኛው ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉት የነርቭ ሥሮች እንደ ፈረስ ጭራ ተዘናፍለው ይወርዳሉ። ሽንትን፣ ዓይነ ምድርንና ግብረ ሥጋን የሚያዝዙት ነርቮች በዚህ ጭራ ውስጥ ናቸው። ትልቅ የዲስክ ቁራጭ ወጥቶ ጭራውን በሙሉ ከተጫነው ነርቮቹ በሰዓታት ውስጥ መጎዳት ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም፤ ግን የዘገየበት ሰው ሽንቱን ዕድሜ ልኩን በቱቦ ሊያወጣ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

- በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ፣ ማለትም የውስጥ ጭን፣ ብልትና የፊንጢጣ ዙሪያ፣ ሲደነዝዝ
- ሽንት ሲከለከል፣ ለመጀመር ሲያስቸግር፣ ፊኛ ሞልቶ ስሜቱ ሳይመጣ ሲቀር፣ ወይም ሳያውቁት ጠብ ጠብ ሲል
- ዓይነ ምድር ሳያውቁት ሲያመልጥ
- ህመሙ ወይም ድካሙ ከአንድ እግር ወደ ሁለቱም ሲዛመት
- በብልት ላይ ያለው ስሜት በድንገት ሲጠፋ

እዚህ ላይ የሚገድለን ሐፍረት ነው። ሰው የወገቡን ህመም ለጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ የሽንቱን ግን ለገዛ ልጁ አይናገርም። ስለዚህ አስታማሚው ራሱ ይጠይቅ፤ አጠያየቁም ቀለል ያለ ይሁን። ሴት ልጅ እናቷን «እማዬ፣ ሽንት ቤት ስትታጠቢ እጅሽ ሲነካሽ እንደ ድሮው ይሰማሻል? ግራና ቀኙ እኩል ነው?» ብትላት በቂ ነው። «የሌላ ሰው ገላ የነካሁ ነው የሚመስለኝ» የሚል መልስ ከመጣ ውይይቱ እዚያ ያበቃል፤ መኪና ይፈለጋል። ሌላው ጥያቄ «ከሸናሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?» የሚለው ነው። ውሃ እየጠጣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት ያልሸና የሳያቲካ ህመምተኛ ዝም አይባልም። አንዳንድ ማስታገሻዎች ሽንት ይይዛሉ፤ በሽማግሌዎችም የፕሮስቴት ችግር ሊሆን ይችላል። ያንን ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪሙ ነው፤ እቤት ተቀምጦ መገመት አይገባም።

ጊዜው ለምን እንዲህ ጠበቀ? ነርቮቹን የሚያላቅቀው ቀዶ ጥገና ቢቻል ከ48 ሰዓት በፊት፣ ቶሎ ከሆነም የተሻለ ውጤት አለው። ቀዶ ጥገናው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚያስፈልገው ከሆነ ከደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ይጠብቃል። ምርመራው፣ ወረቀቱና ጉዞው ሁሉ ከዚያው 48 ሰዓት ላይ ይቆረጣሉ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የታየውን ምልክት «ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» ማለት ግማሽ ቀን መስጠት ነው። በጤና መድን የሚታከም ሰውም ቢሆን ለድንገተኛ ሁኔታ የጤና ጣቢያ ሪፈር እስኪጻፍ መጠበቅ የለበትም። አምቡላንስ ከተፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ከከፍታ የወደቀ፣ መኪና ወይም ባጃጅ የገጨው፣ ወይም አጥንታቸው የሳሳ እናት ተንሸራትተው ቂጣቸው ላይ ወድቀው ህመሙ ከጀመረም በዚያው ሰዓት ነው የሚኬደው። ሲያነሡ ወገብ እንዳይጠመዘዝ በሰሌዳ ወይም በጠንካራ ነገር ላይ አጋድመው ይውሰዱ።

እግሩን በየጠዋቱ መፈተሽ

ህመም ብቻ ያለው ሰው እቤት ሊቆይ ይችላል። የእግሩን ጉልበት ግን በየቀኑ መፈተሽ አለበት። 3 ደቂቃ አይፈጅም፤ ጫማ ወልቆ፣ ሌላ ሰው ቆሞ ይሁን።

መጀመሪያ በተረከዝ ብቻ 10 እርምጃ መሄድ። አንዱ እግር ፊቱ ከወደቀና መሬቱን ካጫረ የቁርጭምጭሚት ማንሻ ጡንቻ ደክሟል። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፎ፣ በአንድ እግር ቆሞ፣ በጣት ጫፍ 10 ጊዜ መነሣት፤ ከዚያ በሌላው እግር። ደህናው 10 አድርጎ የታመመው 3 ላይ ከቆመ ልዩነቱ እውነት ነው። ሦስተኛው የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ አጠንክሮ መያዝ ነው፤ ሌላ ሰው በጣቱ ወደ ታች ሲጫነው መቋቋም አለበት። በመጨረሻ ከዝቅተኛ ወንበር በአንድ እግር መነሣት፤ እዚህ ላይ የታፋው ጡንቻ ይፈተናል። በህመም ምክንያት «አልችልም» ማለትና ጡንቻው ራሱ እምቢ ማለቱ ይለያያሉ። ሁለተኛው ሲሆን ሰውየው ይሞክራል፣ እግሩ አይታዘዝም። ሸበጥ ከእግር ሳይታወቅ መውለቅ፣ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ መደናቀፍ፣ ባጃጅ ላይ ሲወጡ እግር በእጅ ማንሣት፦ እነዚህ ሁሉ የዚህ ምልክቶች ናቸው።

ድንዛዜውንም በጥጥ ጫፍ ይፈትሹ። አውራ ጣቱና የእግሩ ላይኛው ክፍል ከደነዘዘ አንድ የነርቭ ሥር ነው፤ ትንሿ ጣትና የውጭ ጎን ከሆነ ሌላ። የት እንደሆነ በወረቀት ላይ ይሳሉት፤ ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አዲስ ድካም ከታየ በዚያው ቀን፣ ቢረፍድ በማግስቱ ይታዩ። በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ ወይም እግሩ ጭራሽ ከተንጠለጠለ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ለሳምንት ሲያንገበግብ የነበረው ህመም በድንገት ጠፍቶ እግሩ ሲሰንፍ ነው። «ተሻለኝ» ይላል። ነርቩ ዝም ያለው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ህመሙ ሲቀንስ የእግሩ ጉልበት አብሮ ከተመለሰ መሻል ነው፤ ካልተመለሰ አይደለም።

የቀኝ እግሩ የሰነፈ ሾፌር መኪናውን ያቁም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚረግጠው ያው እግር ነው።

ትኩሳት፣ ላብና ክሳት ሲታከሉ

በእኛ አካባቢ ከዲስክ ሌላ መታሰብ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቀስ ብሎ በሳምንታትና በወራት ይመጣል፤ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ይከተሉታል። ሳል ላይኖር ይችላል፤ «አልሳልም፣ ቲቢ አይደለም» የሚለው አያስኬድም። ጀርባ ላይ አንዱ አጥንት ጎብጦ ከወጣ ወይም ሲጫኑት አንድ ነጥብ ላይ ካመመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው፤ የሚያስከፍለው መዘግየቱ ነው፣ አጥንቱ ሲፈርስ እግር ሽባ ይሆናልና። ሁለተኛው ከከብት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ ነው። ከብት፣ ፍየል ወይም በግ የሚያረባ፣ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው የሚመላለስ ትኩሳትና የወገብ ህመም ካለበት ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ካልተናገረ ላይመረመርለት ይችላል።

ቀድሞ ካንሰር የታከመ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ዕድሜው ከ20 በታች ወይም ከ50 በላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ህመም ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው፣ ተኝቶም ቢሆን ሌሊት የማይተወው ሰው ህመሙ በራሱ እስኪበርድ አይጠብቅም፤ በዚሁ ሳምንት ይታይ። ልጅ «ወገቤን» ብሎ ካለቀሰና ከጨዋታ ከቀረ እንደዚሁ።

መጠበቅ ሲቻል

ከላይ ያሉት ምልክቶች የሌሉበት ሳያቲካ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ጉልህ መሻሻል ያሳያል፤ አንዳንዱ እስከ 3 ወር ይወስዳል። የወጣው የዲስክ ቁራጭ ብዙ ጊዜ በሰውነቱ ራሱ እየተመጠጠ ይቀንሳል። በ2 ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ ወይም ማስታገሻው እንቅልፍ ካላስገኘ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ 6 ሳምንት ሞልቶም ሥራ ካገደ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቁ።

አልጋ ላይ መዋል ከ1 ወይም ከ2 ቀን አይለፍ። ጡንቻው እየሰነፈ ህመሙ ይረዝማል። ሲጠና በጀርባ ተኝተው ባትዎን ወንበር ላይ ይስቀሉ፣ ዳሌና ጉልበት 90 ዲግሪ ይታጠፉ፤ ወይም በጎን ተኝተው በጉልበቶች መካከል ትራስ ያድርጉ። ከዚያ ሜዳ በሆነ ቦታ 5 እና 10 ደቂቃ እያሉ በቀን ደጋግመው ይራመዱ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለጊዜው ሌላ ሰው ያምጣ። ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ ቆመው የሚጋግሩበት ከፍታ ይፈልጉለት። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ስፌት ላይ የሚውሉ ሰዎች በየ30 ደቂቃው ለአንድ ደቂቃ መቆም አለባቸው፤ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ማለት ህመሙን ሊያብሰው ይችላል። ሩኩዕና ሱጁድ፣ በቤተ ክርስቲያንም ስግደቱ፣ ህመሙን የሚቀሰቅስ ከሆነ እስኪበርድ ወንበር ላይ ይሁን።

ለአዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይሞከራል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አይውሰዱት፤ የደም ግፊት ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ከዳይክሎፌናክ ጋር ደርቦ መዋጥ ጥቅሙ ሳይጨምር የጨጓራ መድማትን ያመጣል። በጾም ጊዜ ይህ ይበልጥ ያሳስባል፦ በረመዳን በኢፍጣርና በሱሁር ከምግብ ጋር 2 ጊዜ ብቻ፤ በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ የሚቆይ ሰው ጠዋት በባዶ ሆድ አይዋጥ። አይቡፕሮፌን የማይስማማው 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ጉበት የታመመ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ ያነሰ ሰው መጠኑን ይጠይቅ። ለነርቭ ህመም ደካማ ነው፣ ግን ጨጓራ አይነካም።

የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ወገብ ላይ ማድረግ ያሳርፋል። በደነዘዘ እግር ላይ ግን በፍጹም አይደረግ፤ ሙቀቱ ስለማይታወቅ ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ሲቋጥር ነው የሚታየው።

ወጌሻ፣ ዋግምትና መርፌ

ወጌሻ ወገብ ጠምዝዞ «ዲስኩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል» የሚባለው አይሆንም፤ ዲስክ እንደ ወለቀ ክንድ የሚገባ ነገር አይደለም። ድካም ወይም ድንዛዜ ባለበት ሰው ላይ ጠንካራ መጠምዘዝ ቁራጩን ይበልጥ ሊገፋው ይችላል፤ አጥንቱ በቲቢ ከተበላ ደግሞ ይሰበራል። ዋግምትም ሆነ ሂጃማ ከቆዳ ሥር አልፎ የነርቭ ሥር ጋ አይደርስም፤ ምላጩ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ካልሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ መርፌም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ቦታውን ከሳተ ራሱን ሳያቲክ ነርቭን ሊወጋ ይችላል። ትክክለኛው ቦታ ቂጡን በመስቀል ለ4 ቢከፍሉት የላይኛው የውጭ ሩብ ነው። መርፌው ሲገባ ኤሌክትሪክ እንደነካው እስከ እግር ከነዘረ ወዲያው ይጩኹ፤ መድኃኒቱ ሳይገፋ መውጣት አለበት። ከዳይክሎፌናክ ጋር ዴክሳሜታሶን (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት) ተቀላቅሎ ሲሰጥ ደግሞ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ የቲቢን ትኩሳት ይሸፍናል። ምን እንደተወጉ ስሙን በወረቀት ያጽፉ።

ሐኪሙ ፊት

የጀመረበትን ቀን፣ የሚወርድበትን መስመር፣ የወሰዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ የቀድሞ ራጅ ካለ እሱንም ይዘው ይሂዱ። የሚፈታ ሱሪ ወይም ሰፊ ቀሚስ ይልበሱ፤ ሐኪሙ እግር ማንሣት፣ በመዶሻ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት መምታት፣ ስሜት መፈተሽ አለበት። የሽንት ችግር ከነገሩት የፊንጢጣ ዙሪያንም ይፈትሻል፤ ሴት ከሆኑ ሴት ባለሙያ እንድትኖር መጠየቅ ይችላሉ፣ ምርመራውን ግን አይተዉት።

ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ዲስክንና ነርቭን አያሳይም። ስብራት ወይም ቲቢ ሲጠረጠር ይጠቅማል፤ ንጹሕ መሆኑ ግን ሳያቲካ የለም ማለት አይደለም። ዲስክንና ነርቭን የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ከላይ ያሉት አስጊ ምልክቶች ሲኖሩ ወይም ቀዶ ጥገና ሲታሰብ ነው። ምንም ሳያማቸው ዲስካቸው ያበጠ ብዙ ሰዎች ስላሉ፣ ሐኪም ሳያዝ ራስን ለኤምአርአይ መላክ ገንዘብ አውጥቶ መፍራት ይሆናል።

ሐኪሙ «ማስታገሻ ውሰድ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስ» ብሎ ከሸኘዎ የጠዋቱን የእግር ፍተሻ አያቋርጡ። በ4ኛው ቀን በተረከዝ መሄድ ቢያቅትዎ የቀጠሮ ካርዱን ይዘው በዚያው ቀን ይመለሱ፤ ኮርቻው የሚነካው ቦታ ቢደነዝዝ ወይም ሽንት ቢከለከል ግን ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ተረኛው «ቀጠሮህ ገና ነው» ካለ «እግሬ ከትናንት ወዲህ ሰንፏል» ወይም «ሽንቴ እምቢ ብሏል» ብለው በእነዚሁ ቃላት ይናገሩ።